ወረቀት ከብልቃጥ አይወጣም

ዶክተር አጥናፉ መሞቱን የነገረችኝ ልጄ ሰዓዳ ናት። ከሳን ሆዜ ደውላ መጀመሪያ ጤናዬን ጠየቀች፤ ቀጥላ የግፊት መድኃኒቴን መዋጤን ጠየቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። ሰዓዳ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ።

«ማም፣ ዶክተር አጥናፉ ፓስት አዌይ አድርገዋል።»

«መቼ?»

«ቱዝደይ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። የእሱ ወገኖች የሚሉትን ነው ያልኩት። ሌላ አልጨመርኩም፤ ልጄም አልጠበቀችም።

በሦስተኛው ቀን ከለቅሶው አስተባባሪዎች አንዷ ደወለችልኝ። ለመታሰቢያው ትንሽ መጽሔት ሊያሳትሙ ነው፤ አብረውት የሠሩ ሰዎች አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሰጧቸው ይፈልጋሉ። «እርስዎማ ጅቡቲ ድረስ አብረዋቸው ሄደዋል አሉ። አንድ ጥሩ ነገር ይበሉልን፣ እትዬ ፋጡማ» አለችኝ። አስቤ እደውላለሁ አልኳት። ሳስብ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። እነሱ የጠየቁኝን አንዷን ዓረፍተ ነገርም በመጨረሻ ሰጥቻቸዋለሁ።

በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ።

የተዋወቅነው በሱሪ ነው። ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ልብስ አስተካክል ነበር፤ ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ መቀምቀም። አንድ ቀን ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ መነጽሩን ጸጉሩ ላይ የሰካ ሰው ሁለት ሱሪ ይዞ ገባ። የሁለቱም ጫፍ በጨው ነጭ ሆኗል።

«ባሕር ውስጥ ነው የሚሠሩት?» አልኩት በአማርኛ፤ የኛ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

«ዳር ላይ ነኝ። ውስጥ የሚገቡት ጉልበት ያላቸው ናቸው።»

አንዱን ሱሪ ገልብጬ አየሁት። «የግራው እግር ሁለት ጊዜ ነው የተቀመቀመው። ሁለተኛው ሰው ክሩን ሊያመሳስል ሞክሮ አልሆነለትም። ይሄ ጥቁር ነው፤ ያኛው ጥቁር ሰማያዊ።»

መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ፈለገ፤ ሌላ ኪሱ ውስጥ ፈለገ፤ በመጨረሻ ጸጉሩ ላይ አገኘው። ሱሪውን ይዞ መስኮቱ ጋ ሄደና ክሩን እዚያው ቆሞ ሲያይ ሌላ ሁለት ደንበኛ አስተናገድኩ። ተመልሶ መጣና «ሦስት ዓመት ለብሼዋለሁ» አለኝ። «እንዲህ ዓይነት ዓይን ይዘሽ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሰው ለዓይኔ ሲያዝንልኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ልቤ እዚያው ላይ ነው የተሸነፈው። ይህን ዛሬ ስጽፈው ራሴን እታዘባለሁ።

በወሩ ኤመሪቪል እሱ የሚሠራበት የባሕር እንስሳት ጥናት ቤት ገባሁ። ከመጋዘን በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ ቦታ ነው። ግድግዳው በሙሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው በሙሉ ብልቃጥ፣ በየብልቃጡ አልኮል ውስጥ የሞተች የባሕር ቀንድ አውጣ። ተራዋ ሳትሆን ዛጎሏን ጥላ ራቁቷን የምትሄደዋ፤ በሞቃት ባሕር ውስጥ እንደ ሙሽራ ያሸበረቀችው። የኔ ሥራ ብልቃጥ ማጠብ፣ የተነነውን አልኮል መሙላት፣ የደበዘዘውን የስም ወረቀት እየገለበጡ መጻፍ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ማስተማሩን አልክድም። ወረቀቷ በእርሳስ ነው የምትጻፈው፣ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። የትና መቼ እንደተገኘች፣ ማን እንዳገኛት፣ በመጨረሻው መስመር ደግሞ ማን እንደለያት ይጻፋል። አንድ ሰው ከዓመታት በኋላ ስሟ ትክክል አይደለም ካለ አዲስ ወረቀት ጽፎ ይጨምራል፤ የድሮዋን ግን አያወጣም። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አድርገው አብረው ይኖራሉ።

«ወረቀት ከብልቃጥ አይወጣም» ይለኝ ነበር፣ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ። «ስህተትም ቢሆን፣ ውሸትም ቢሆን አይወጣም። ተሳስተን እንደነበር የሚመጣው ሰው ማወቅ አለበት።»

ሌላም አባባል ነበረው። «ቀለም ከነፍስ ጋር ነው የሚወጣው» ይላል። እውነቱን ነው። አልኮል ውስጥ የገባች ሁሉ በሳምንት ውስጥ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ትመስላለች። ስለዚህ ቀለሟ በሕይወት እያለች መጻፍ አለበት።

ምሳውን ቆሞ ነበር የሚበላው፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ሙዝ። በሬዲዮ የሚሰማውን ወሬ ሁሉ ይነግረኛል። በረመዳን አንድ ቀን «ፋጡማ፣ የአልኮሉ ሽታ ጾም አያፈርስም ግን?» አለኝ።

«ሽታው አያፈርስም ዶክተር። የእርስዎ ወሬ ነው የሚያፈርሰው።»

እንቁላሉ እስኪያንቀው ሳቀ።

እና ይረሳል። መርሳቱ የታወቀ ነበር። መኪናውን ቢሮ በር ላይ አቁሞ፣ ሹትል በሚሉት በነጻው አመላላሽ አውቶቡስ ባቡር ጣቢያ ሄዶ፣ ቤቱ አልባኒ ከደረሰ በኋላ መኪናዬ ተሰረቀ ብሎ ለፖሊስ ሊደውል ሲል ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሁላችንም እንስቅበታለን፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ይህን የምጽፈው ለሳቅ አይደለም፤ በኋላ ይፈለጋል።

ጅቡቲ የወሰደኝ አረብኛ ስለምችል፣ አፋርኛም ስለምሞክር ነው። እኔ የወሎ ልጅ ብባልም ያደግሁት አሰብ ነው። አባቴ ሰይድ ወደብ ላይ ባለ ጀልባ ነበር። ውኃው ሲጎድል ይዞኝ ወርዶ ድንጋይ ይገለብጥልኛል። ከሥሩ አንዲት ባለ ጌጥ ስትወጣ «ሙሽሪት ናት፣ አትንኪያት፣ እይ ብቻ» ይለኛል። ከአሰብ ስንወጣ እኛ በመኪና ሄድን፤ እሱ ጀልባዬን ይዤ በባሕር እመጣለሁ ብሎ ቀረ። አልመጣም። የት እንደወደቀ ያየ ሰው አላገኘንም፤ መቃብር የለውም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስሙ አንድ ድንጋይ ላይ እንኳ አልተጻፈም ትል ነበር።

ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ቤት ተከራይተን አሥራ ስድስት ቀን ተቀመጥን። ዶክተሩ፣ ሁለት አሜሪካውያን ጠላቂዎች፣ እኔ፣ ምግብ የሚያበስልልን ዑመር የሚባል የአገሬው ሰው። ጠላቂዎቹ ጠዋት ገብተው ያገኙትን ያመጣሉ፤ እኔ በነጭ ሳህን የባሕር ውኃ ላይ አድርጌ ቀለሟን በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የእርድ ቢጫ። የጥቁር አዝሙድ ጥቁር። የሎሚ ልጣጭ ከውስጥ በኩል። እሱ ማታ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል።

በአምስተኛው ቀን ስድስት አንድ ዓይነት መጡ። አውራ ጣት የምታህል፣ ጀርባዋ ወተት፣ በላዩ የወይን ጠጅ ነጠብጣብ፣ ዙሪያዋ በወርቅና በሐምራዊ የተጠለፈ። ዶክተሩ አይቶ «የታወቀች ናት፤ መጽሐፍ ሁሉ ላይ አለች» ብሎ አለፈ። እኔ ግን ሦስቱን አንድ ሳህን፣ ሦስቱን ሌላ ሳህን ላይ አደረግኋቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እነዚህ እህትማማቾች አይደሉም ዶክተር።»

«ቀለም ይዋሻል፣ ፋጡማ። አንዷ ጠቆር፣ አንዷ ፈካ ትላለች።»

«ቀለሙን መቼ አልኩ? ቅምቅማታቸውን ይዩ። የነዚህ ወርቁ ከውጭ ነው፣ ሐምራዊው ከውስጥ ታጥፎ ገብቷል። የነዚያ ሐምራዊው ነው ጫፍ ላይ ያለው። አንድ ሰፊ እንዲህና እንዲያ አይሰፋም።»

ሳቀብኝ። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቆም አደረገና ስድስቱን ቀላቀላቸው። ዞሬ ለየኋቸው። እንደገና ቀላቀላቸው። አምስት ጊዜ። ዑመር ከማእድ ቤት ብቅ ብሎ በአረብኛ «ሽማግሌው ምን ሆነ?» አለኝ። «ቁማር ይዟል» አልኩት። በአምስተኛው ዶክተሩ አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት ሳህኖቹን ስንከፍት እንቁላል ጥለው አድረዋል። እንቁላላቸው ጥብጣብ ነው የሚመስለው። የአንደኛው ሳህን ጥብጣብ እንደ ተጠቀለለ የልብስ ሜትር በጠርዙ ቆሟል። የሁለተኛው ተኝቶ ከሳህኑ ጋር ተለጥፏል። የአንደኛው ሳህን ሦስቱም እንደዚያ ነው የጣሉት፤ የሁለተኛው ሦስቱም እንደዚህ።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አርባ ዓመት ስናያት ኖረን» አለ። ጫፏ ወርቅ የሆነችው መጽሐፍ ላይ ያለችው ናት፤ ጫፏ ሐምራዊ የሆነችው ግን ስም የላትም። ማንም ለይቷት አያውቅም።

እርሳሱን አራሰና ትንሽ ወረቀት ጎተተ። «ማን ለያት?»

«እኔ ነኛ።»

ጻፈው። ስሜን በላቲን ፊደል በዓይኔ አየሁት። «እሺ፣ ማን እንበላት? አግኚው በራሱ ስም መጥራት ነውር ነው። የሌላ ሰው ስም መስጠት ግን ይፈቀዳል። አንዴ ከታተመ ደግሞ ዓለም እስካለ ማንም አይፍቀውም።»

አባቴን ነገርኩት። ድንጋይ መገልበጡን፣ በባሕር እመጣለሁ ማለቱን፣ መቃብር ማጣቱን። ያንን ለሰው ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለሰዓዳ እንኳን። እሱ ቀስ ብሎ ሰማኝና «ሰይድን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምትጽፉት?» አለኝ። ፊደል በፊደል ነገርኩት። እሱም በወረቀቷ ላይ የአባቴን ስም፣ የሳይንስ ስም እንዲሆን የላቲን ጅራት ቀጥሎለት፣ ጻፈ። «ይኸው» አለኝ። «አባትሽ ከባሕሩ ወጡ።»

ከእንባዬ የተነሳ ብልቃጡን የከደነው እሱ ነው።

ከተመለስን በኋላ ሁለት ዓመት ሠራንባት። ጥርሷ በማይክሮስኮፕ ተቆጠረ፤ ከሥጋዋ ተቆርጦ ለዘር ምርመራ ተላከ፤ ሁሉም እኔ ያልኩትን አለ። በዚህ መካከል ዶክተሩ የጥናት ቤቱ የብልቃጥ ክምችት ኃላፊ ለመሆን ይፈልግ ነበር። ኃላፊውን የሚሾመው የጥናት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔን የሚመለከት ግን አልመሰለኝም።

ጽሑፉ ታትሞ የመጣ ቀን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። የዕለት እንግሊዝኛ አይቸግረኝም፤ የዚያን ዓይነቱ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ሥዕሏን አውቄ እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ አነሳሁና ለሰዓዳ ላክሁ። ደወለች።

«ማም፣ ሰይድ የሚል የለም።»

«ደህና አድርገሽ እዪው። ጅራት ተቀጥሎበታል።»

«አይቻለሁ። ኢትስ ኖት ሂር።» የሌላ ሰው ስም አነበበችልኝ። የቦርዱ ሰብሳቢ ስም ነው፤ ጅራት ተቀጥሎበታል።

«የኔስ?»

ዝም አለች።

«ሰዓዳ።»

«መጨረሻ ላይ ቴንክ ዩ የሚሉበት አለ። አንቺን...» ድምፅዋ አነሰ። «ኢት ሴይስ ኩክ፣ ማም። ጅቡቲ ምግብ ስላበሰለችልን ይላል።»

አሥራ ስድስት ቀን ያበሰለው ዑመር ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሽሮ ሠርቻለሁ፣ እሱንም ዶክተሩ ዓሣ ሰለቸኝ ስላለ።

በማግስቱ እንቁላሉን ሲልጥ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «ዶክተር፣ ሰይድ የት ሄደ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን?»

«አባቴ።»

ትንሽ አሰበ፤ ወይም ያሰበ መሰለ። ከዚያ ግንባሩን በእጁ ጀርባ መታ። «ብዬሽ ነበር እንዴ? ወይኔ፣ ፋጡማ። ይቺ ጭንቅላት እኮ ወንፊት ሆናለች። ይቅር በይኝ። ሌላ አዲስ ስትገኝ መጀመሪያ የአባትሽን ነው የምንሰጣት።»

«እሺ ዶክተር» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? መኪናውን የት እንዳቆመ የማያውቅ ሰው ነው።

ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ኬክ ተቆረጠ፤ እኔም በላሁ። ከሁለት ወር በኋላ ለቀቅኩና ወደ ሱሪዬ ተመለስኩ። ስሄድ የቀለሙን ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው የወጣሁት። ራሴን አላሳምርም። በዓመቱ ለሌላ ጽሑፍ ፈልጎት ደወለ፤ ፎቶው ሐምራዊውን አደብዝዞታል፣ ያንቺ ቃል ይሻላል አለኝ።

«የት እንዳስቀመጥኩት ረሳሁት፣ ዶክተር» አልኩት።

«እሺ ፋጡማ። ይረሳል» አለ። ደብተሩ ዛሬም የስፌት መሣቢያዬ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ በየዒዱ ደወለ። አንድም ዓመት አላጓደለም። ጨረቃ ታየች አልታየች ብለን እኛው ስንጨቃጨቅ እሱ ጠዋት ላይ «ዒድ ሙባረክ» ይላል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ሽማግሌ ነው፣ ረስቶ ነው፣ ክፋት የለውም እያልኩ ቂሜን ሳዶለዱመው ኖርኩ። የረሳን ሰው ሙሉ በሙሉ መጥላት አይቻልም፤ ግማሹ ጥላቻ እጅህ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ አስተባባሪዋ በደወለች በሳምንቱ ሜይ ደወለች። ሜይ የኔን ቦታ የያዘች ቻይናዊት ናት፤ እድሜያችን ተቀራራቢ ነው፣ ጥቂት ጊዜም አብረን ሠርተናል። ክምችቱ ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወር ነው፤ የዶክተሩን የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የለም፤ ብትመጪና ብትረጂኝ አለችኝ። እንቢ ልል ነበር። ሄድኩ።

ሹትሉ ያው ነው፣ ደረጃው ያው ነው። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳጥኖች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ሁለት ቀን አነበብኩላት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ክዳኗ በቀይ የታሰረ ብልቃጥ እጄ ገባች። ቀይ ማለት አዲስ ስም ሲወጣ ስሙ የተሰጣት፣ ለዓይነቷ የመጀመሪያዋ ምስክር ማለት ነው። ሳላነብ አወቅኋት። እንደ ነጭ ሽንኩርት ሆናለች፤ ያ ሁሉ ጥልፍ የለም። በመስታወቱ በኩል የሚነበበው ወረቀት የሰብሳቢው ስም ያለበት ነው። ማን ለያት በሚለው መስመር ላይ «አጥናፉ» ይላል።

ከኋላዋ ግን ሌላ ወረቀት ነበረች፤ ፊቷ የዞረች።

ብልቃጧን ከፍቼ በወረንጦ ሳብ አደረግኋት። የጅቡቲዋ ናት። ያኔ ታጁራ ላይ የጻፋት፣ እርሳሱን ያራሰላት። የአባቴ ስም ከነጅራቱ። ከታች የለየቻት፦ ፋጡማ ሰይድ።

ደንቡን ጠብቋል። ወረቀቷን አላወጣትም። አዲሱን ሲከት የኔን በእጁ ይዟታል፣ አንብቧታል። ከዚያ በደንቡ ሁለቱም ወደ ውጭ ማየት ሲገባቸው የኔን ፊት ወደ ውስጥ አዞረ፣ ከእንስሳዋ ሌላ ማንም እንዳያነባት። አዲሷ ወረቀት የተጻፈችበት ቀን ደግሞ ጽሑፉ ከመታተሙ አራት ወር በፊት ነው። እንቁላል እየላጠ ግንባሩን የመታልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለአንዲት የሞተች ቀንድ አውጣ እውነቱን አስቀመጠላት፤ ለኔ ግን ወንፊት ነኝ አለ።

ሜይ አጠገቤ መጥታ ቆማ ነበር። አነበበች። እኔን አየች፣ ወረቀቷን አየች።

«ማውጣት እንደማይቻል ታውቂያለሽ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አውቃለሁ። ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ስለ ማዞር ግን የተባለ ነገር የለም» አለችና ሻይ ልታፈላ ወጣች።

በወረንጦ አዞርኳት። የአባቴን ስም ወደ መስታወቱ፣ ወደ ብርሃኑ አደረግሁት፤ የእሱን ወረቀት ከጎኗ አቆምኩት፣ እሱም እንዲነበብ። አልኮሉን ሞላሁ፣ ክዳኑን አጠበቅሁ፣ ቀዩን አሰርኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ማታውኑ ለአስተባባሪዋ ደወልኩላት። «አንድ ዓረፍተ ነገር ያልሽው አሁንም ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ፣ እትዬ ፋጡማ። ልጻፍ፣ ይበሉኝ።»

«ዶክተር አጥናፉ ምንም ነገር አይረሳም ነበር።»

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል» አለችኝ።

አሳተሙት፤ ከፎቶው ሥር፣ በትልቅ ፊደል። ባለቤቱ በማግስቱ ደውላ አመሰገነችኝ። እሱን የሚያውቅ ሁሉ ረሺ ነው እያለ ሲያፌዝበት መኖሩ ያሳዝናት እንደነበር ነገረችኝ። በደንብ ያወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ አለችኝ።

አዎ አልኳት።